አባቴ መንግሥት ጋ ነው

አባቴ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ቧንቧ ላልደረሳቸው ሰፈሮች ውሃ ያመላልሳል። ወደ አንድ ሰፈር ሲገባ ጀሪካን ያለው ሁሉ እየሮጠ ይወጣል፤ እሱም ከጋቢናው አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቀስ በሉ፣ ውሃው አይሸሽም» ይላል። እኔ ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር። አንዳንዴ አብሬው እሄድና ከጎኑ ተቀምጬ ያን ሁሉ ሰው ሳይ፣ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። የተጠማ ሁሉ መንገድ መንገዱን እያየ የሚጠብቀው ሰው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይሁን?

ማታ ማታ እጁን ይታጠባል፤ የናፍጣው ሽታ ግን አይለቀውም። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጸሎት ያስጠናኛል። «አለቃ፣ ተከተይኝ» ይለኛል። አለቃ የሚለኝ ቤት ከገባ ጀምሮ ሳዝዘው ስለማመሽ ነው። ቃል በቃል እከተለዋለሁ። «መንግሥትህ ትምጣ» የምትለው ላይ ስንደርስ ግን አስቆመዋለሁ።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። ስትመጣ ግን ማንም አይጠማም፤ እኔም ሥራ እፈታለሁ» ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል።

በእኛ ቤት መንግሥት የሚለው ቃል ከአፍ አይጠፋም ነበር። የምንኖርባት ክፍል የመንግሥት ናት። ትምህርት ቤቴ የመንግሥት ነው። ቦቴውም የመንግሥት ነው፤ «የመንግሥት ዕቃ ነው፣ በጭቃ እግርሽ እንዳትወጪበት» እባላለሁ። እንግዲህ በጸሎቱ ውስጥ ያለችው መንግሥትና በራችን ላይ ቁጥር የለጠፈው መንግሥት ለየቅል መሆናቸውን የነገረኝ ሰው ከሌለ በምን ልወቅ? በቋንቋችን ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ያን ቃል ስሰማ እንኳ ቀድሞ የሚታየኝ ትልቅ የብረት በር ነው።

እናቴ ልብስ ተኳሽ ነበረች። የሆቴል አንሶላና የትራስ ጨርቅ፣ የቢሮ ሰዎች ሸሚዝ እየመጣላት ቤት ትተኩሳለች። ከአልጋችን የተረፈውን ቦታ ሁሉ የመተኮሻው ጠረጴዛ ይዞታል። አንሶላዎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ እስከ ወለል ይወርዳሉ፤ ሥሩ ሞቅ ያለ፣ ሳሙናና እንፋሎት የሚሸት ቤት ይሆናል። የእኔ ቤት እዚያ ነበር።

ጥሩምባ የመጣ ዕለትም እዚያው ነበርኩ። ጥሩምባ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እሱም ሾፌር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ሲያንሾካሹክ ጎረቤት ይነቃል እያሉ ይስቁበታል። የዚያን ዕለት ግን የሚናገረውን ለመስማት አንሶላውን ገልጬ ጆሮዬን ማውጣት ነበረብኝ።

«ቁጭ በይ» አላት እናቴን።

«ቆሜ ልስማው።»

«እሱ ደህና ነው። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ፣ ደህና ነው። ወደ ኋላ ሲመልስ ነው… አላያትም። ከኋላ ሆና ጀሪካኗን ልታነሳ… ትንሽ ልጅ ናት።»

እናቴ ካውያዋን ስታቆም ሰማሁ።

«ልጅቷስ?»

መልስ አልሰማሁም። ራሱን ነቅንቆ ይሆናል።

«ሰዉ ሊጨርሰው ነበር» አለ ጥሩምባ። «መንግሥት ደርሶ ወሰደው።»

«አሁን የት ነው?»

«መንግሥት ጋ ነው። እዚያ መሆኑ ይሻለዋል፣ እህቴ። እዚያ ማንም አይነካውም።»

ስለ ልጅቷ የተባለው አልገባኝም፤ የገባኝ የመጨረሻው ነው። መንግሥት መጣች፤ መጥታም ከሰው ሁሉ አስቀድማ አባቴን ወሰደች። ትክክልም ነች፤ ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ካልወሰደች ማንን ልትወስድ ነው? ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁና «እኛንስ መቼ ነው የምትወስደን?» አልኩ።

ጥሩምባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ እቅፍ አደረገችኝ፤ ጥብቅ ከማድረጓ የተነሳ አጥንቴን አመመኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለምን ያኔ እውነቱን እንዳልነገረችኝ ጠይቄያታለሁ። «ነገሩ ካንቺው አፍ ወጣ» አለችኝ። «እኔ ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁሽም። ለዚያ ሰሞን የቀረኝ ጉልበት ለዝምታ ብቻ ነበር።»

እኔ ግን ዝም አላልኩም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አባቴ የእግዚአብሔር መንግሥት ውስጥ ነው» እያልኩ አወራሁ። ብዙም ሳይቆይ እናቶቻቸው ገና ሲያዩኝ ልጆቻቸውን እየጠሩ ማስገባት ጀመሩ። ቀንተው ነው አልኩ። በልቤም አዘንኩላቸው።

እናቴ በየሳምንቱ የአባቴን ሸሚዝ ተኩሳ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። እኔን አትወስደኝም። «ልጅ አይገባም» ትለኛለች።

«ሕፃናት ይምጡ ተብሎ የለም እንዴ?»

«ተብሏል» አለችና ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ እኔም ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ስትከፍት ጥቁር የለበሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ቆማለች። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

«የሾፌሩ ሚስት አንቺ ነሽ?»

እናቴ በምን እንዳወቀቻት እንጃ፤ አንድ ጊዜ አየቻትና እግሯ ሥር ወደቀች። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደተወችው ነው። የሴትየዋ አፍ ሊናገር እንደተዘጋጀ ተከፍቶ ቀርቷል። እንዲህ ሆነው ትንሽ እንደቆዩ የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተን።

«ተነሽ» አለች ሴትየዋ።

«አልነሳም።»

«ተነሽ፣ ልብሱ እየተቃጠለ ነው።»

እናቴ አልተነሳችም። ሴትየዋ ራሷ ገብታ ካውያውን አነሳችና አቆመችው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ቡናማ የካውያ ምልክት ወጥቶበታል። እናቴ እየተንሰቀሰቀች ነው። የሰው ልብስ አቃጥላ አንድም ቀን አታውቅምና፣ ለዚያ ነው የምታለቅሰው ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ።

«እማዬ፣ አይዞሽ፤ በኪስ ይሸፈናል» አልኳት።

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አላውቅም። ከእግሬ ጀምራ እስከ ግንባሬ፣ ከግንባሬ ተመልሳ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

ነገርኳት። ያለችን አንዲት ወንበር ከኋላዋ ነበረች፤ ሳታያት ተቀመጠችባት።

የሞተችው ልጅ እናት መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ካደግሁ ወዲያ የዚያን ዕለት ነገር እንደ ቀልድ አድርጋ አጫውታኛለች። «ልረግማችሁ ነበር የመጣሁት። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ስደረድር ነው የመጣሁት። ስደርስ እናትሽ ወለሉ ላይ ናት፣ ሸሚዙ ይጨሳል፣ አንቺ ስለ ኪስ ታወሪያለሽ። እርግማን ደግሞ ወግ ይፈልጋል፤ እንዲህ በተዘበራረቀ ቤት አይወጣም።»

ከዚያ በኋላ እየተመላለሰች ትመጣ ጀመር። እትዬ እላታለሁ። እናቴ እርስዎ እያለች ታነጋግራታለች፤ እሷ ባለችበትም አትቀመጥም፤ ቆማ ትተኩሳለች። ብዙ አያወሩም። እትዬ ወንበሯ ላይ ሆና እኔን ስታይ ትቆይና ትሄዳለች። አንድ ቀን «ፀጉሯ ተንጨባሯል፤ ልሥራላት?» አለች።

እናቴ ካውያዋን አቆመች። «እንደፈለጉ» አለች።

የእትዬ እጅ የለመደ እጅ ነበር። ሚዶውን ሳያሳምም ያስኬደዋል። እናቴ ችኩል ናት፣ ስትሠራኝ ዓይኔ እስኪፈጥ ትጎትተኛለች፤ እትዬ ግን የሌላ ሰው ዕንቁላል እንደያዘች ሁሉ ትጠነቀቃለች። ደስ ስላለኝ እኔም ደስ ላሰኛት ፈለግሁ።

«አባቴ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

እናቴ «ልጄ…» ብላ ጀመረች።

«ተያት» አለች እትዬ። «የት ነው?»

«የእግዚአብሔር መንግሥት ውስጥ።»

እጇ ፀጉሬ ውስጥ ቀጥ አለ።

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ውሃ ያመላልሳላ። ለሁሉም።»

«ልጆች አሉ እዚያ?»

«ብዙ።»

«ቢጫ ሹራብ የለበሰች… ጀሪካን የያዘች ልጅ፣ አለች?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ድምጿ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ የለችም ብላት የምትሰበር መሰለኝ። «አለች» አልኳት። «አባቴ መጀመሪያ ያጠጣው እሷን ነው።»

እትዬ ተነሳች። ሚዶውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች። ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ቀረ። እናቴ ልጨርስልሽ ብትለኝ እትዬ ነች የምትጨርስልኝ ብዬ እምቢ አልኩ። እንደዚያው ሆኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ልጆቹም ሳቁብኝ።

ቆየት ብላ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ወደ እሱ ውሰጂኝ» አለቻት እናቴን።

«እሱ ዓይንዎን ማየት አይችልም።»

«እኔስ መቼ እችላለሁ? ውሰጂኝ ብቻ። እሷንም እንያዛት። እሷ ካለች አፌ ክፉ አይናገርም።»

ኮረዳ ሆኜ ያን ቀን ሳስበው ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን አያሳፍረኝም። ወደ እግዚአብሔር መንግሥት የምሄድ ነኝና እግሬን በሳሙና ታጠብኩ፤ የክት ቀሚሴን ለበስኩ። ትልቅ የብረት በር ጋ ደረስን። ፌስታል የያዙ ሴቶች ግድግዳውን ተከትለው ተሰልፈዋል። ጠባቂው ዳቧችንን በቢላ ለሁለት ከፈለና ውስጡን አየ። ለካ ልጅም ይገባል፤ ገባን። ብርሃን ነበር የጠበቅኩት። አቧራ፣ ቆርቆሮ፣ የሽንት ቤት ሽታ ነው ያገኘሁት። መንግሥቲቱ ገና መምጣቷ ነው፣ ገና አልተስተካከለችም አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲህ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ሰባኪዎቹም የተማሩ ናቸው፤ መጥታለች ግን አልተፈጸመችም ይላሉ። እኔ በተረዳሁት መጠን ያኔ በልጅነቴ ያልኩትንና እነሱ የሚሉትን መለየት አልቻልኩም።

አባቴ ከሽቦ ወዲያ ቆሞ ነበር። ራሱን ተላጭቷል። እናቴ የተኮሰችለት ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶ ዞሯል። እኔን ሲያይ ፈገግ ብሎ «አለቃ» አለኝ። ከዚያ ከኋላዬ የቆመችውን አየ። ፈገግታው ለትንሽ ጊዜ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ፊቱ ላይ ቀረና ጠፋ። አንገቱን ደፋ።

«ቀና በል» አለችው።

አልቻለም።

«ቀና በል እባክህ። ሳላይህ ብናገር ለግድግዳ የተናገርኩ ነው የሚመስለኝ።»

በግማሽ ቀና አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም» አለች። «ማታ ማታ እጸልያለሁ። መንግሥትህ ትምጣ እላለሁ። በደላችንን የምትለው ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። እንደ ጉድጓድ ነው የምዘላት። ልጄን ከቀበርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ኋላ ሳስበው ግን፣ ትምጣ ብዬ ጠርቼ እሷን መዝለሌ፣ በር ከፍቶ እንግዳውን አትግባ እንደማለት ሆነብኝ። እና እዚሁ ፊትህ ልላት መጣሁ። ከቻልኩ።»

በሽቦው ወዲህና ወዲያ ሰው ሁሉ እየተጯጯኸ ያወራል። እሷ በዚያ መሐል በዝግታ ጀመረች። ያቺ ቃል ጋ ስትደርስ ቆመች። ሽቦውን የያዙት ጣቶቿ ነጡ። እናቴ አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ እትዬ ወንዝ በድንጋይ እንደሚሻገር ሰው፣ አንድ ቃል ብላ ቆም፣ አንድ ቃል ብላ ቆም እያለች ተናገረችው፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል፣ ብላ እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

አባቴ ከንፈሩን አላላቀቀም። ረስቶት ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያ ማታ ማታ አብሮት የሚጸልይ አጥቶ ረስቶት ነው።

«አባዬ፣ ጠፋህ እንዴ?» አልኩት። «በል ተከተለኝ። በደላችንን…»

አየኝ።

«በደላችንን» አልኩት ደግሜ።

«በደላችንን» አለ።

«ይቅር በለን።»

አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ አይወጣም። እኔ አልለቀቅኩትም፤ እሱም እኔን ሲያስጠናኝ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። «ይቅር በለን፣ በል አባዬ።» በመጨረሻ «ይቅር በለን» አለ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጠባቂው መጥቶ ሰዓት ሞልቷል አለን።

ስንመለስ፣ ሰፈራችን ልንደርስ ስንል እናቴ ወደ እትዬ ዞረችና «ደከመሽ?» አለቻት። አንቺ ብላ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው።

«ደከመኝ» አለች እትዬ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ፍራሿን በጋሪ አስጭና መጣች። ከእኛ ጓሮ ያለችውን ትንሽ ክፍል ተከራይታ ነው። እኔ ጋሪው ዙሪያ እየዘለልኩ ጨፈርኩ። እኛን ወድዳ፣ ከእኛ ላለመለየት የመጣች መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ የት ሄዳ እንደነበር ሲሰማ ፍራሹን በገዛ እጁ ውጭ አወጣላት። «እሱን አይቶ የመጣ ዓይን እኔን አያየኝም» አላት። ወንድሞቿ የልጅሽን ደም ረሳሽ አሏት። እሑድ እሑድ አብረዋት መንግሥትህ ትምጣ የሚሉት ሰዎች እንኳ ከአጠገቧ ፈንጠር ብለው መቀመጥ ጀመሩ። እኔ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የጨፈርኩት፤ እሷም እየሳቀች እጄን ይዛኛለች።

ክረምቱ ሲገባ እስር ቤቱ ውስጥ የሳንባ በሽታ ተነሳ። አባቴ አስቀድሞ ያስለው ነበር። ጥሩምባ እንደገና ወደ ቤታችን መጣ፤ በዚያው በማያውቅበት ዝቅ ያለ ድምፅ ተናገረ። ወደ ትልቁ የብረት በር ሄደን አስከሬኑን ተረከብን።

ከቀብር መልስ እናቴን «በእግዚአብሔር መንግሥት ውስጥ ሰው ይሞታል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። እትዬ ከጎኗ ነበረች።

«እኔ ልንገራት» አለች። እጄን ይዛ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችኝ።

«አባትሽ የነበረው እስር ቤት ነው» አለችኝ። «ልጄን በመኪና ገጭቶብኝ ነው። ሆን ብሎ አይደለም። ወደ ኋላ ሲመልስ አላያትም።»

«ቢጫ ሹራብ የለበሰችውን?»

«እሷን።»

ዓለም ሁሉ ቦታውን ለቀቀብኝ። ብዙ ጥያቄ ነበረኝ፤ የወጣው ግን ይህ ነው፤ «ታዲያ ለምን እኛ ቤት ትመጫለሽ?»

«የልጄን ስም ስጠራ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ሌላ ቦታ አላገኘሁም» አለች። «ባሌ ቤት ሳለሁ ስሟን መጥራት ቀርቶ ነበር፤ ጎረቤትም ወሬ ይለውጥብኝ ነበር። እናትሽ ግን ካውያዋን ትታ ታለቅስልኛለች።»

«የእግዚአብሔር መንግሥትስ ታዲያ የት ነው?»

«እንጃ ልጄ። ትመጣለች ሲሉ እሰማለሁ። አባትሽ ከሽቦው ወዲያ ሆኖ አንቺን ሲከተልሽ በአጠገባችን ያለፈች መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።»

እኔ ለረጅም ጊዜ ተቀየምኩ። ማንን እንደተቀየምኩ ግን አላውቅም ነበር፤ አባቴን፣ እናቴን፣ እትዬን፣ ጸሎቱን። እትዬ አልገፋችኝም። በየማታው ራቷን ይዛ ከእኛ ጋር ልትበላ ትመጣለች፣ ወይ እኛ እሷ ጋ እንሄዳለን። ቂሜም ቀስ በቀስ እንደ ደረቅ ቅርፊት ረገፈ።

አንድ አመሻሽ እሷ ክፍል ሆነን ስንበላ አንድ ትልቅ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። ጫማው በሲሚንቶ ነጭቷል። ባሏ ነበር። እናቴ ልትነሳ ስትል እትዬ በእጇ ያዘቻት።

«ግባ» አለችው።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግባና ከእነሱ ጋር አንድ ቁራሽ ቅመስ።»

ሰውየው እናቴን አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ቆየ።

«እዚህ ገብቼ ከቀመስኩ ልጄን ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል ነው» አለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው።

«እኔንም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አለችው።

የደጃፉ ድንጋይ የተነቃነቀ ነበር፤ እሱ ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዛውር ድንጋዩ ይንገዳገዳል። ወደ ታች አየው። ከዚያ ሄደ። እትዬ ምግቡን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። እናቴም ገፋ አደረገች።

በማግስቱ ሁላችንም ከቤት ወጥተን ስንመለስ የደጃፉ ድንጋይ ተነቅሎ፣ ተስተካክሎ፣ በአዲስ ሲሚንቶ ተቀምጧል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። እትዬ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። እሷም ሄዳ አልለመነችውም። «ግባ ብዬዋለሁ» ትላለች ስንጠይቃት፤ «ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ?»

እትዬ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። እኔም እናቴም አስታመምናት። ቀብሯ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ሁሉም ተበትኖ ሲያልቅ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ቆሞ አየሁ። በትከሻው ስፋት አወቅኩት። ሄጄ ሰላም አልኩት፤ ማን መሆኔን አልጠየቀኝም።

«እናንተ ጋ ስትኖር…» ብሎ ጀመረና ምርኩዙን አፈሩ ላይ አሽከረከረ። «ትስቅ ነበር?»

«አንዳንዴ» አልኩት።

«በምን?»

አሰብኩ። «አንድ ጊዜ ዳቦ ጋግሬ እንደ ድንጋይ ጠነከረብኝ» አልኩት። «ቢላው አልቆርጥ አለ። እሷ አገላብጣ አየችውና፣ ይሄንንስ ለባሌ ላኩለት፣ ግንብ ይሠራበታል አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እናቴም እኔም ሳቅን፤ ዓይናችን እስኪያለቅስ።»

ሽማግሌው መቃብሩን ያይ ነበር።

«ባሌ አለች?» አለኝ።

«ባሌ ነው ያለችው።»

ዛፉ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ በዝግታ ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለ።

አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት።